የአያትየው ምርቃት ያመለጠኝ ቀን፤ ፍላሽ ገዝቼ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው። ፍላሽ ስል ፋይል የምንይዝበትን ማለቴ አይደለም። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካውን መብራት ነው።

ደሴ ነው የምኖረው፤ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ። ያኔ ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነበር። ካሜራው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍላሽ ፊትን ታነጣለች፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ታጨልማለች። ስለዚህ የሁለት ሰርግ ገቢዬን ይዤ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ፤ ጋይድ ነምበር 60፣ የፍላሹን ጉልበት የሚናገረው ቁጥር። «60 ሜትር ድረስ ያበራል» አለኝ። አመንኩት። የማያውቀውን ነገር በዚያ ልበ ሙሉነት መናገሩ አሁንም ያናድደኛል።

60 ሜትር ማለት አይደለም። ቁጥሩን ለሌንሱ ኤፍ ቁጥር፣ የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደተከፈተ ለሚናገረው፣ ስታካፍሉት ነው ርቀቱ የሚወጣው። በአይሶ 100 (አይሶ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፤ ከፍ ሲል ፎቶው ይሻክራል) እና በኤፍ 5.6 ብታሰሉት 11 ሜትር አይሞላም። እሱም የፍላሹ ጭንቅላት እስከ 200 ሚሊ ሜትር ዙም ተደርጎ፣ ብርሃኑ ጠብቦ ሲወጣ ነው። ብዙ ሰው ለማንሳት ብርሃኑን ስታሰፉት ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። የተለያዩ ፍላሾችን በዚህ ቁጥር ስታወዳድሩ መጀመሪያ በስንት ዙም እንደተለካ እዩ።

መግጠሙ ቀላል ነው። ታንሸራትቱታላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ። በዚያ ካሜራ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ፣ ከ1/200 ሴኮንድ በላይ አታፈጥኑትም፤ ካለፈ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ይጋረዳል። በቃ።

ወደ ኮምቦልቻው ሰርግ ልምጣ።

ጥር ነበር። ሙሽራው የደሴ ልጅ ነው፤ ሙሽሪትን ለማምጣት ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ መሽቶ ነበር። እነ ሙሽሪት ግቢ ሰማያዊና ቢጫ ድንኳን ተጥሏል። ቤት የነበሩኝን ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ሳልሞላ ነው የወጣሁት። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መንገድ ላይ ካገኘሁት ሱቅ 8 ተራ የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ። ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት የምንጠቀምበትን ዓይነት ነው።

ከዚያ ደግሞ ተምሬያለሁ ያልኩትን ሁሉ ተገበርኩ። አይሶ 100፤ ፎቶው እንዳይሻክር። ፍላሹን በሙሉ ጉልበት። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አዙሬ ብርሃኑን ከድንኳኑ ጣሪያ ላይ ማንጠር፤ ፊት ላይ ለስልሶ እንዲያርፍ። ለነጭ ኮርኒስ ይሄ ትክክል ነው። ለድንኳን ግን አይሆንም። ከሰማያዊ ሸራ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ሰማያዊ ነው። የሙሽሪት ፊት የታመመ ሰው መሰለ። እኔ ግን ስክሪኑን በደንብ ሳላይ እቀጥላለሁ። ገበታውን፣ ጭፈራውን፣ ሚዜዎቹን፣ ሁሉንም በሙሉ ጉልበት ተኮስኩ።

ከዚያ ጉልበት መሳም መጣ። የሙሽሪት አያት ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። አያትየው እጃቸውን ሁለቱ ራስ ላይ አድርገው መመረቅ ጀመሩ። የወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ የሰማ ያውቀዋል፤ ድንኳኑ በሙሉ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ ስጫን በራ። ሁለተኛ ስጫን ጨለማ። «ዝግጁ ነኝ» የምትለዋ ትንሽ መብራት ጠፍታለች። እስክትበራ ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከ10 በላይ ቆጠርኩ። በራች፤ ተጫንኩ፤ ግማሽ ብርሃን። ድንጋዩን ልቀይር ስከፍተው እጄን አቃጠለኝ። አዲሶቹን አስገባሁ፤ አሁንም የለም። ፍላሹ ራሱ ስለጋለ እንዳይበላሽ ሥራ አቁሟል። አያትየው ምርቃቱን ጨረሱ፣ ሕዝቡ «አሜን» አለ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች ተነሳች። እኔ ፍላሹን በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ።

ከዚያ ምርቃት ሁሉ የተረፈኝ ሦስት ፎቶ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግማሽ ጥቁር።

አልበሙን ሳስረክብ የሙሽሪት እናት አንድ በአንድ ገለጡት። «ልጄ፣ የአባዬ ምርቃት የታለ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አብሽር» ብለው አልበሙን ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ፍላሹ ውስጥ ወደ 300 ቮልት የሚሞላ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ አለ። እያንዳንዱ የሙሉ ጉልበት ብልጭታ ያራግፈዋል፤ እንደገና የሚሞላው ከባትሪው ነው። ለሰዓት የተሠራ ድንጋይ ያንን ያህል ኤሌክትሪክ ቶሎ መስጠት አይችልም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው፣ 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ቶሎ ይሰጣል። ሙቀቱ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ከፍላሹ ጋር የመጣው ወረቀት በሙሉ ጉልበት 30 ጊዜ ተከታትለህ ከተኮስክ 10 ደቂቃ አሳርፈው ይላል። ከካርቶኑ አላወጣሁትም ነበር።

አሁን የማደርገው፣ ብዙ መምህር «አይሶህን ዝቅ አድርግ» ከሚለው ተቃራኒ ነው። አይሶ 800፣ ፍላሹ የሙሉ ጉልበቱ 1/8። ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከአይሶ 100 እና ከሙሉ ጉልበት ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ፍላሹ ወዲያው መሙላቱና ከስምንት እጥፍ ያላነሰ መተኮሱ ነው። ትንሽ የሻከረ ፎቶ ለደንበኛ ይሰጣል። ያልተነሳ ፎቶ አይሰጥም።

ባለ ቀለም ድንኳን ውስጥ ወደ ላይ ማንጠር ትቻለሁ። ረዳቴ ነጭ ጋቢ በጎን ዘርግቶ ይይዝልኛል፤ ፍላሹን ወደ እሱ አዞራለሁ። ከጋቢ የሚመለስ ብርሃን ልስልስ ነው፣ ቀለምም አያመጣም። እንዲያውም ፍላሹ ላይ ከሚደረገው የፕላስቲክ ቆብ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ያ ቆብ ድንኳን ውስጥ ብርሃን ከመብላት ሌላ ብዙ አይጠቅምም።

ሻጮች ቲቲኤል ያለውን ግዛ ይሏችኋል፤ ብርሃኑን ራሱ የሚመጥነውን ማለት ነው። ለሰርግ ጀማሪ አልመክርም። ቬሎው ፎቶውን ሲሞላው ማሽኑ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ፊት ይጨልማል። ጥቁር ሱፍ ሲያይ ደግሞ ይጨምራል። በዚያ ገንዘብ ሁለት ማንዋል ፍላሽ፣ ጉልበቱን በእጃችሁ የምትመጥኑትን፣ ግዙ። አንዱ ሲግል ሌላውን ትሰካላችሁ።

እኔ ዛሬ ዋና አድርጌ የምይዘው ጎዶክስ ቪ860 ሁለተኛው ስሪት ነው። ሊቲየም ባትሪ አለው። በአንድ ቻርጅ 650 ያህል ሙሉ ብልጭታ ይሰጣል፣ ለመሙላትም 1.5 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። የመጀመሪያውንም አልሸጥኩትም፤ ባትሪውን ማታ ሞልቼ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቤታችሁ የፊልም ዘመን ፍላሽ ካለ ዲጂታል ካሜራ ላይ እንዳትሰኩት። አንዳንዶቹ በመሰኪያው በኩል ከ200 ቮልት በላይ ይልካሉ፤ ካሜራውን ሊያቃጥለው ይችላል።