«የጾም» ብዬ የጻፍኩባት ካርቶን

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ ሆኜ በገባሁ በአራተኛው ወር ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አለቃዬ ጠራኝና «መግቢያው ጋ ያለውን ሼልፍ ባዶ አድርግና የጾም የጾሙን ብቻ ደርድርበት» አለኝ። ነገሩ ገብቶኛል። ካፌው ሁሉ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ኬክ እያለ ሲቸበችብ እኛ 55 ቀን ሙሉ የወተትና የቅቤ ፍሪጅ እያየን አንውልም።

የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል። ካርቶን ቆርጬ በወፍራም ማርከር «የጾም» ብዬ ጻፍኩና ከላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ድርደራ። ቴምር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ ጁስ፣ ብስኩት በያይነቱ፣ ማርጋሪን፣ ጥቁር ቸኮሌት። መመዘኛዬ አንድ ነበር፦ ፊቱ ላይ ላም፣ የወተት ብርጭቆ ወይ እንቁላል ካልተሳለበት የጾም ነው። አትሳቁብኝ፣ ብዙ ሰው የሚገዛውም እንዲሁ ነው። ከሁሉም የኮራሁበት ግን ቡና ላይ የሚጨመረው ነጭ ዱቄት ነበር። ቆርቆሮው ላይ በትልቁ «ነን ዴይሪ ክሪመር» ይላል። ወተት ያልሆነ ማለት አይደል? መሀል ላይ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ደረደርኩት።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ ዝርዝር ይዞር ነበር፤ «ከእነዚህ ቁጥሮች ራሳችሁን አድኑ» የሚል፣ ምግብ ውስጥ የሚጨመሩ ነገሮች መለያ ቁጥር ኢ ምናምን ኢ ምናምን ተብሎ የተደረደረበት። ኢ330 ከሁሉም የከፋ ካንሰር አምጪ ተብሏል። አንዲት ደንበኛ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። እኔም ደንግጬ ኢ330 የተጻፈበትን ጁስ በሙሉ ከሼልፉ አነሳሁት። ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ክሪመሩ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ጾሙ ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ገቡ። አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸው ወደ ገብርኤል ነው፣ ሁሌም ሰላም ሳይሉን አያልፉም። የዚያን ቀን ግን የክሪመሩን ቆርቆሮ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ፋርማሲ የሚማረውን የእህታቸውን ልጅ አስከትለው፣ ቀጥ ብለው ሼልፉ ጋ ሄዱና ካርቶኔን አዩት።

«ልጄ፣ ይቺን የጻፍካት አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«አንብበኸው ነው?»

የምለው ጠፋኝ። «ፊቱን አይቼ ነው» አልኩ።

«ፊቱንማ እኔም አይቼዋለሁ» አሉ።

ልጁ ቆርቆሮውን አዙሮ በጣቱ አሳየኝ። ከጉንዳን ባነሰ ፊደል፦ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የፓልም ዘይት፣ ሶዲየም ኬዚኔት፤ አጠገቡ ቅንፍ ውስጥ «ከወተት የተገኘ»። ኬዚን የወተት ፕሮቲን ነው፣ አይብ ሲወጣ የሚረጋው እሱ ነው። ክሪመር ውስጥ የሚገባው ዘይቱ ከውኃው እንዳይለይና ቡናው ነጣ እንዲል ነው። ስለዚህ አንዱ ቆርቆሮ ፊቱ ላይ ወተት ያልሆነ፣ ጀርባው ላይ ከወተት የተገኘ ይላል። ልጁ እንዳለኝ አሜሪካ ውስጥ ይሄ የተፈቀደ ነው፤ ነን ዴይሪ እያለ ኬዚኔት የሚያስገባ አምራች ያቺን የቅንፍ ቃል ከጎኑ መጻፍ አለበት። በኋላ አጣራሁ፣ እውነቱን ነው።

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የማርያም ማኅበር በእሳቸው ተራ ደርሶ ለማኅበርተኛው ቡናውን በክሪመር አቅርበዋል። አንዷ ሴትዮ «ይሄ ወተት አይደለም እንዴ?» ብላ ስኒውን ስትገፋው «ኧረ በእመብርሃን! የጾም ተብሎ ተጽፎበታል» ብለው ምለው አጠጧት። የማሉት እንግዲህ የእኔን ማርከር አምነው ነው። እስካሁን ሆዴን የምትበላኝ እሷ ናት።

ሲወጡ «እኔስ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ አንተ ለማን እንደምትናገር እንጃ» አሉኝ።

አለቃዬ ብራቸውን መለሰላቸው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ መብራቱን ሳያጠፋ «እያንዳንዱን አንብብ፣ ከዚያ ትሄዳለህ» ብሎኝ ወጣ።

አነበብኩ። በስልኬ ካሜራ እያጎላሁ፣ ያልገባኝን ጎግል እያደረግሁ፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት። የመጀመሪያው ድንጋጤ ማርጋሪኑ ነው። ፊቱ ላይ ከአትክልት ዘይት ይላል፣ አልዋሸም፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የዌይ ዱቄት አለ። ዌይ ምንድነው ብዬ ስፈልግ ለካ አጓት ነው። አጓት! እናቴ አይብ አውጥታ የሚቀረውን ለውሻ የምትሰጠው አጓት፣ ደርቆና ተፈጭቶ፣ በእንግሊዝኛ ስም መጥቶ፣ የጾም ሼልፌ ላይ ተቀምጧል። ከብስኩቶቹ ግማሽ ያህሉም ያው ነው፤ ወይ ዌይ፣ ወይ ላክቶስ የሚሉት የወተት ስኳር፣ ወይ የወተት ዱቄት። ጥቁር ነው ብዬ የተማመንኩበት ቸኮሌት ሳይቀር የወተት ቅባት አለው። «ወተት» የሚለውን ቃል ብቻ እየፈለግህ ካነበብክ አብዛኞቹ ሾልከው ያልፉሃል።

ቅደም ተከተሉም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ በክብደት ብዙ የገባው ይቀድማል። አንዱን የማንጎ ጁስ አነሳሁ። ውኃ፣ ስኳር፣ ከዚያ ማንጎ። ፊቱ ላይ ግን የማንጎ ናዳ ነው የወረደበት።

ያ ያባረርኩት ኢ330ስ? ሲትሪክ አሲድ ነው። ሎሚን ሎሚ የሚያደርገው እሱ። ፋብሪካ ላይ ከሎሚ ሳይሆን ስኳርን በሻጋታ አብላልተው ነው የሚያወጡት፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ወሬውም የዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ፈረንሳይ ውስጥ ሆስፒታል ያወጣው ተመስሎ የተበተነ የውሸት ወረቀት ነበር፣ ሆስፒታሉ የእኔ አይደለም ቢልም የሚሰማው አላገኘም። አንዳንዶች መነሻው ስም ነው ይላሉ፦ ሲትሪክ አሲድ በሰውነታችን ውስጥ የሚያልፍበት ሂደት በሊቁ በሃንስ ክሬብስ ስም ይጠራል፣ ክሬብስ ደግሞ በጀርመንኛ ካንሰር ማለት ነው። ጉድ አይደል? ቴሌግራም ሳይኖር የተወለደ ወሬ ሀዋሳ ድረስ መጥቶ ጁስ አስነሳኝ።

«ኢ» ማለት አውሮፓ ውስጥ ተመርምሮ የተፈቀደ ማለት ነው እንጂ የመርዝ ምልክት አይደለም። ኢ100 የእርድ ቢጫ ነው። ኢ160ሲ ከበርበሬ የሚወጣ ቀይ ነው። ኢ300 ቫይታሚን ሲ፣ ኢ500 ኬክ ውስጥ የምንጨምረው ሶዳ፣ ኢ290 አምቦ ውኃ ሲከፈት ጢስ የሚለው ጋዝ። እንዲህ ስል ሁሉም እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ኢ102 የሚባለው ቢጫ ቀለም ያለበት ምግብ አውሮፓ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ የልጆችን ባሕርይና ትኩረት ሊነካ ይችላል የሚል ማሳሰቢያ ይጻፍበታል። ኢ120 ደግሞ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚጨመቅ ቀይ ቀለም ነው፤ ያው ትግራይ ውስጥ በለሱን የፈጀው ራሱ። ለጾመኛ ነፍሳት ምን ይባላል? እኔ ካህን አይደለሁም፣ ከሼልፉ ግን አነሳሁት። ከሁሉም ያስቸገረኝ ኢ471 ነው። ከቅባት የሚሠራ ማዋሃጃ ነው፤ ቅባቱ ከተክልም ከእንስሳም ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ስቶር ኪፐራችን ሙስሊም ነው፤ ስነግረው «እኛ እኮ ስንት ዘመናችን፣ እሱን ስናይ ከአትክልት የሚል ከሌለው መልሰን እናስቀምጠዋለን» አለኝ። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ መምህር ተቀምጦልኝ ኖሯል።

በነጋታው ሼልፉ ተመናምኖ ሲያዩት ብዙዎቹ ደንበኞች ተሳሳቁ። አንዲት ወጣት እናት ግን አልሳቀችም። «ዕቃውን የት አደረጋችሁት? ለልጄ ከዚህ ነበር እኮ የምገዛለት» አለች። ልጇ አራት ዓመቱ ነው፣ ወተት ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ የጾመኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጉልበቴ ከዳኝ። ምን ነበር የምትገዢው አልኳት። የሰሊጥ ብስኩት። ሮጬ አነሳሁት፣ ወተት የለበትም፣ ተነፈስኩ፤ መጨረሻው ላይ ግን «የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» ይላል። አንድ ማሽን ላይ ወተት ያለውም የሌለውም ሲጋገር ነው እንደዚያ የሚጻፈው። ጾመኛ ያቺን መስመር ቢያልፋት፣ ሆን ብሎ ወተት ያስገባበት ሰው የለም። ለእሷ ልጅ ግን ያቺ ርዝራዥ ሆስፒታል ልታደርሰው ትችላለች። አሳየኋት። ብስኩቱን መልሳ አስቀመጠችው፣ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ካርቶኗን ቀደድኳት። አሁን በየዕቃው ሥር ትንሽ ወረቀት አለ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ አጠራጣሪ ቁጥር፣ ያነበብኩበት ቀን። ቀኑ የገባው አምራቹ ያንኑ ፓኬት ይዞ ውስጡን ስለሚቀይር ነው፣ አንዴ ሠርቶልኛል።

እማማ ከፋሲካ በኋላ ጠፉብኝ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ መጡ። ከአዲስ ገቢው ብስኩት አንዱን አንስተው በክንዳቸው ርቀት ይዘው «ይሄስ?» አሉኝ። አዞርኩት፤ የራሳችን የዋጋ ስቲከር እንግሊዝኛውን ሸፍኖታል። ልልጠው ስል ወረቀቱ ተቀደደ። የቀረው አረብኛ ነው። ካሸሯ ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ጠራኋት። ብርሃን ላይ አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት... «ሐሊብ» አለች።

ልተረጉምላቸው አፌን ስከፍት እማማ ብስኩቱን ከእጇ ወሰዱት።

«ሐሊብ ወመዓር የሚለው ሐሊብ?»

«እሱ መሰለኝ እማማ» አልኩ።

«ታዲያ ይሄን ለማንበብ ጅዳ መሄድ ምን ያስፈልጋል» ብለው መልሰው አስቀመጡትና ግማሽ ኪሎ ቴምር አስመዘኑ።