ኤክስፖርት ያረግከው ነገር እንዳይጠፋ፦ እኔ እንዴት እንዳስቀመጥኩት

ጎንደር ውስጥ ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ይገባዋል፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ሲነሳ ግሬድል (የአንድሮይድ አፕ መገንቢያው) ጃቫ ሆም (ጃቫ የት ፎልደር እንዳለ የሚናገረው ቫሪያብል) የለም ይለኛል፣ እኔም ያንኑ ኤክስፖርት፣ ማለትም ቫሪያብሉን የሚያስቀምጠውን ትእዛዝ፣ ተርሚናል ላይ እንደገና እጽፋለሁ። ፒያሳ ጥገና ቤት ያለው ጓደኛዬ "ኧረ ባሽአርሲ ውስጥ ክተተውና ተገላገል" አለኝ። ባሽአርሲ ማለት ባሽ፣ ማለትም ተርሚናል ውስጥ ትእዛዝህን የሚቀበለው ሼል፣ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ነው።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ኤክስፖርት የሚሰራው ለዛች ሼልና ከሷ ለሚነሱ ፕሮግራሞች ብቻ ነው፣ ተርሚናሉን ከዘጋኸው አለቀ። እናም ሆም ፎልደር ውስጥ ያለውን በነጥብ የሚጀምር ባሽአርሲ በናኖ (ተርሚናል ውስጥ በሚሰራው የጽሑፍ ማረሚያ) ከፍቼ ኤክስፖርቷን መጨረሻው ላይ ጨመርኩ። በእኩል ይሆናል ምልክቱ ግራና ቀኝ ስፔስ አይገባም፣ ባሽ እዚህ ላይ ምህረት የለውም። ፓዝ (ሼሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ስትጨምር ደግሞ አዲሱን ፎልደር፣ ከዛ ኮለን፣ ከዛ የድሮውን ፓዝ በዶላር ምልክት መጥራት አለብህ፣ አለበለዚያ ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ ራሱ "ኮማንድ ኖት ፋውንድ" ይልሃል (ያኔ ናኖን ከነሙሉ አድራሻው፣ ከዩኤስአር ቢን ጠርተህ ታስተካክላለህ)። ሴቭ፣ ሶርስ (ፋይሉን እንደገና ማስነበብ)፣ ኤኮ (ዋጋውን ማሳየት) አርገህ ማየት፣ በቃ።

ተርሚናሉ ተስተካከለ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከሜኑ ስከፍተው ግን ወይ ፍንክች! ለካ ባሽአርሲን የሚያነበው ተርሚናል ስትከፍት የሚነሳው ባሽ ነው፣ ከሜኑ የሚነሳ ፕሮግራም ደግሞ በዛ በኩል አያልፍም። መስመሯን እዛው ሆም ውስጥ ወዳለው፣ እሱም በነጥብ ወደሚጀምረው ፕሮፋይል ፋይል አዛወርኳትና ሎግ አውት ብዬ ስመለስ ሁለቱም ጋ ሰራ፣ የኔ ኡቡንቱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ባሽ አንደርስኮር ፕሮፋይል የሚባል ፋይል ካለህ ባሽ እሱን አንብቦ ያንኛውን ዞር ብሎም አያየውም፣ ብዙ ሰው ፀጉሩን የሚነጨው እዚህ ጋ ነው።

ለሁሉም ዩዘር ከሆነ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ ኢንቫይሮንመንት የሚባል ፋይል አለ፣ እሱ ግን ስክሪፕት ስላልሆነ ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ዋጋ ብቻ ነው የምትጽፈው፣ የዶላሯን ነገር እዛ አትሞክራት። ክሮን (በተያዘለት ሰዓት ስራ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ባሽአርሲንም ፕሮፋይልንም ስለማያነብ ለማታ ባክአፕ የሚያስፈልገኝን ክሮንታቡ (የክሮን ስራዎች የሚጻፉበት ፋይል) አናት ላይ ነው የጻፍኩት።

ማክ ያላችሁ ደግሞ ከ2019ኙ ካታሊና ወዲህ ዲፎልቱ ሼል ዚሼል ስለሆነ ባሽአርሲ ላይ አትድከሙ፣ የናንተው ዚኤስኤችአርሲ ነው።