እማዬ፣ 17ኛ ክፍል
ዛሬ ከ12 ዓመት በኋላ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ማስተርሴን የምማረው በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ነው፤ አንዳንዱ ትምህርት ማታ ማታ በኢንተርኔት ይሰጣል። ለእኛ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምንኖር የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሐሙስ ግን መብራት ጠፍቶ ግማሹ አመለጠኝ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ 6 ኪሎ ደረስኩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥት ያው እንደ ግርማው ነው። በሩ ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ደብተሬን ሳወጣ ልጄ በጋዜጣ ሸፍናዋለች። ላዩ ላይ በእርሳስ፣ «ስም፦ እማዬ። ክፍል፦ 17ኛ» ብላ ጽፋለች። እንባዬ መጣ።

አሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ እያጠናን ነው። እሷ ማባዛት፣ እኔ ስታቲስቲክስ።