ለፍሳሽ የራሱን የበጀት መደብ ያገኘንበት መንገድ

በደቡብ ወሎ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማትርቅ ከተማ፣ በውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ስም ሁለት ነገር ቢጠራም ሠራተኛው፣ በጀቱና ሪፖርቱ የሚናገሩት ከሞላ ጎደል ስለ አንዱ፣ ስለ ውሃው ነበር። ቧንቧ ሲደርቅ ሕዝቡ በማግስቱ ደጃችን ላይ ይሰለፋል፤ ፍሳሽ በየቦታው ሲደፋ ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ከእኛ በታች በሚኖረው ሰው ላይ ስለሆነ ደጃችንን የሚያንኳኳ የለም። ጉዳዩን ወደ ከተማችን ምክር ቤት ለማድረስ ሁለት የበጀት ዓመት ፈጅቶብኛል። ይህን የምጽፈው በሌሎች ከተሞች ያሉ ባልደረቦቼ እኔ ያባከንሁትን የመጀመሪያውን ዓመት እንዳያባክኑት ነው።

ቦርከና ከኩታበር አካባቢ ይነሣል፤ ደሴን አቋርጦ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐርቡና ከሚሴ ይወርዳል፤ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶም ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። ጨፋ በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ውሃና ሣር ፍለጋ የሚያወርዱበት፣ ገበሬውም በመስኖ የሚያለማበት ምድር ነው። ላይ ቤት በሌሊት ቦረቦር ውስጥ የተደፋ የሽንት ቤት ዝቃጭ ታች ቤት ከብት የሚጠጣው፣ ሽንኩርት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የወስፋት እንቁላል በዝቃጭ ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት በሚውል የመስኖ ውሃ ከአንድ ሊትር ከ1 እንቁላል በላይ እንዳይገኝ የመከረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ጥያቄዎችን የያዘ ረጅም ሰነድ አዘጋጀሁ። ማጣሪያ ጣቢያ፣ ቤተ ሙከራ፣ ተጨማሪ የሽንት ቤት ፍሳሽ መጣጭ መኪና፣ የታሪፍ ማሻሻያ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ቁጥጥር፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና የባለሙያ ሥልጠና ሁሉም በአንድ ላይ ተዘርዝረው ነበር። ሰነዱን ያስገባሁት በሰኔ ወር ሲሆን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የከተማው ረቂቅ በጀት በዚያ ጊዜ ተዘግቶ ያለቀ ነበር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ በኋላ የአካባቢው ከተሞች በሙሉ የፈረሰውን በመጠገን ላይ ስለነበሩ፣ የበጀት ቋሚ ኮሚቴው አባላት በቅንነት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሰባቱ ዘንድሮ የትኛው ይቅደም፣ ከየትኛውስ መደብ ይከፈል? መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ የባሰው ስህተት በዚያው ስብሰባ ላይ የአንድ ፋብሪካን ፍሳሽ በሕዝብ ፊት እያነሣሁ መክሰሴ ነው። በነገሩ ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፤ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ቀድመው ለነበሩ ፋብሪካዎች የሰጠው የ5 ዓመት መሸጋገሪያ ካለፈ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው የራሳችን መጣጭ መኪና የሚደፋው የት እንደሆነ ሲጠይቁ አዳራሹ ጸጥ አለ። የምንደፋው እዚያው ቦረቦር ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ከተማዋ ሕጋዊ መድፊያ አልነበራትም። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ፤ የተበተነበትም ምክንያት ትክክለኛ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከጥቅምት ጀመርሁ። በመጀመሪያ ከአስተዳደሩ የሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጠን አዋጆቹን አነበብን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 5 የከተማ ቆሻሻ እንዲሰበሰብ፣ እንዲጓጓዝ፣ እንደ አግባቡም እንዲጣራ ወይም ጉዳት በማያደርስ መንገድ እንዲወገድ የማድረጉን ኃላፊነት የጣለው በከተማ አስተዳደሮች ላይ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ቆሻሻን ወደ ውሃ አካል መልቀቅ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አረጋግጧል። በዚህ ንባብ የገባኝ፣ ምክር ቤቱን አዲስ ሕግ እንዲያወጣ መለመን የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ግዴታው አለ፤ የጎደለው ግዴታውን የሚሸከም የበጀት መደብ ነበር። ስለዚህ ሰባቱን ጥያቄዎች ትቼ አንድ ውሳኔ ብቻ ለማስወሰን ተነሣሁ፦ ፍሳሽ ከውሃው ተለይቶ የራሱ መደብ እንዲኖረው፣ ገንዘቡም መጀመሪያ ለመድፊያ ቦታና ለዝቃጭ ማድረቂያ አልጋዎች፣ ማለትም ዝቃጩ ተዘርግቶ ለሚደርቅባቸው ገንዳዎች፣ እንዲውል።

በፍሳሻችን የተጎዱት ሰዎች ሳይሰሙ ግን ይህን ማቅረብ ትርጉም አልነበረውም። ከአንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆነን ከከተማው በታች ወዳለው ቀበሌ ወረድን። አቦል ተቀድቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ የመንደሩ አበጋር፣ ማለትም አስታራቂው ሽማግሌ፣ ከየት እንደመጣን ጠየቁ፤ እኔም የምንደፋው እኛ ራሳችን መሆናችንን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኸን ለመስማት ብዙ ዘመን ጠብቀናል» አሉኝ፤ በበጋ ከወንዙ የቀዱትን ውሃ ለልብስ እንኳ መጠቀም እየከበዳቸው መሆኑን አስረዱኝ። እኔም በብክለት ቁጥጥር አዋጁ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ብክለት በሚያደርስ አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል አነበብሁላቸው። በእኛ ላይ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን መብት ማንበቤን አንዳንድ ባልደረቦቼ አልወደዱትም፤ ትክክል እንደሠራሁ ግን ዛሬም አምናለሁ። መንደርተኞቹ ክስ አልመረጡም፤ ሁለት ተወካይ ልከው ምክር ቤቱን ለማናገር ወሰኑ።

ቋሚ ኮሚቴውን ወደ ወንዙ የወሰድነው በጥር ነው። ይህ ወቅት መታቀዱ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ ፍሬ ሰጥቷል። በክረምት ጎርፉ ሁሉን ይዞ ስለሚወርድ ቆሻሻው አይለይም፤ በጥር ግን ውሃው ስለሚያንስ አረፋው፣ ቀለሙና ሽታው ማንም ሳያስረዳ ይታያል። አባላቱ ከቦረቦሩ አፍ ላይ ቆመው መኪናችን ሲደፋ ዓይናቸው አየ፤ የመንደሩ ተወካዮችም እዚያው አጠገባቸው ቆመው ነበር። የናሙና ውጤት በሰንጠረዥ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ከሆቴል ባለቤቶች ጋር የነበረው ውይይት ከባድ ነበር። የመጣጭ ክፍያ እንዳይጨምር ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው፤ ምክንያቱም መድፊያው ሲርቅ የነዳጅ ወጪ ይጨምራል። ስለዚህ ቦታው ከመመረጡ በፊት ርቀቱን አብረን ለካን፤ የግል መጣጭ መኪኖችም በእያንዳንዱ ጉዞ ደረሰኝ እንዲያስቆርጡና ከመድፊያው ያለ ደረሰኝ እንዳይመለሱ ተስማማን። ይህ ባይኖር ኖሮ ሕጋዊው መድፊያ ተሠርቶ መኪናው ግን ወደ ቦረቦሩ ይመለስ እንደነበር አልጠራጠርም።

ረቂቁን በመጋቢት፣ ማለትም የዕቅድ ክፍሉ በጀቱን ሳይዘጋ አስገባን። ሰነዱ ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን በመጀመሪያው ገጽ የሚጠየቀው ውሳኔ፣ የሕጉ አንቀጽ፣ መደቡና ኃላፊው ሥራ ክፍል ሰፍረዋል። ምክር ቤቱ በሐምሌ በጀቱን ሲያጸድቅ ፍሳሽ የራሱን መደብ አገኘ። የተመደበው ከጠየቅነው ያነሰ ስለነበር ማድረቂያ አልጋዎቹን በሁለት ዙር ለመሥራት ተገደናል፤ የመጀመሪያዎቹ አልጋዎች ዛሬ ዝቃጭ እየተቀበሉ ነው።

ያልተፈታው ታሪፉ ነው። በውሃ ሂሳብ ላይ አነስተኛ የፍሳሽ ክፍያ ካልተጨመረ አልጋዎቹን የሚጠርግ፣ የሚጠብቅና ናሙና የሚወስድ ሠራተኛ በቋሚነት መቅጠር አይቻልም። የአገልግሎታችን ቦርድ ጉዳዩን በኑሮ ውድነት ምክንያት አቆይቶታል፤ እኔም በጋራ ቧንቧ የሚጠቀሙ አባወራዎች ነጻ እንዲሆኑ፣ ክፍያው ከሆቴሎችና ከትልልቅ ተጠቃሚዎች እንዲጀመር የሚያሳይ አማራጭ እያዘጋጀሁ ነው። ከታችኛው ቀበሌ የመጡት ሁለቱ ተወካዮች በመጪው ጥቅምት በሚደረገው የቦርድ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ ደብዳቤው ተጽፎላቸዋል።