ከአምፕሊፋየሩ ጎን የሚቀመጠው ሳጥን

ለሰባት ዓመታት ያህል ከአምፕሊፋየሬ ጎን ተቀምጦ ሙዚቃ ያጫውትልኝ የነበረ አንድ ጥቁር ሳጥን ነበረኝ። አንድ ምሽት ስልኬ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ራሱን አደሰና ሳጥኑን ከዝርዝሩ ውስጥ አጠፋው። ለአምራቹ ብጽፍለት፣ ለዚህ ሞዴል የሚሰጠው ድጋፍ እንዳበቃና አዲሱን ሞዴል ብገዛ እንደሚሻለኝ የሚገልጽ ሁለት መስመር መልስ ደረሰኝ። ሳጥኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኛል፤ የጎደለው ተጫወት ብሎ የሚያዘው ብቻ ነበር። በዕድሜ እጥፍ የሚበልጠው አምፕሊፋየር ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ዛሬም እንደ ወትሮው ይሠራል።

ምትኩን ለመምረጥ ስነሳ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ የትኛው ሳጥን የተሻለ ድምፅ አለው የሚል ነበር። ጥያቄው የተሳሳተ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አንድ የስትሪሚንግ ሳጥን በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን አጣምሮ ይይዛል፦ ሙዚቃውን ከዲስክ ወይም ከኢንተርኔት ያመጣል፣ የመጣውን ፋይል ፈትቶ ወደ ቁጥሮች ተርታ ይለውጣል፣ በመጨረሻም ቁጥሮቹን አምፕሊፋየሩ ወደሚያውቀው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይራል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ክፍል ዲጂታሉን ወደ አናሎግ መቀየሪያ ነው፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ዳክ ይሉታል፣ ከዳክዬ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሦስቱ ሥራዎች የሚያረጁበት ፍጥነት ፈጽሞ አይገናኝም። የሲዲ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ በሴኮንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ሞገድ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት፣ ሁለት ቻናል ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ይህን በወጉ የሚቀይር ዳክ ነገም ይቀይረዋል። በየዓመቱ የሚለዋወጠው የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የአገልግሎት ሰጪዎች የመግቢያ ሥርዓት፣ የምስጠራ ደንብ፣ የስልክ መተግበሪያ፣ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ በሚወስነው ውሳኔ ይቀየራል። በጥቁሩ ሳጥን ውስጥ የነበረው ዳክ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አብሮት የታሰረው ሶፍትዌር ስለሞተ ብቻ አብሮ ተቀበረ። ስለዚህ ዳኩን ለብቻው ገዝቼ፣ ሙዚቃውን የሚያመጣለትን መሣሪያ ግን ርካሽና በቀላሉ ሊተካ የሚችል ለማድረግ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ክርክር አለ፤ ሙዚቃውን የሚያመጣው ኮምፒውተር ርካሽ ከሆነ ድምፁም ይረክሳል የሚል ነው። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ በአብዛኛው ግን ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ ያሉት የዩኤስቢ ዳኮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ያልተመሳሰለ በሚባለው ዘዴ ነው። ይህም ማለት የናሙናዎቹን ጊዜ የሚቆጥረው በዳኩ ውስጥ ያለው ሰዓት እንጂ የኮምፒውተሩ ሰዓት አይደለም፤ ዳኩ ላክልኝ ወይም ቆይ እያለ ኮምፒውተሩን ያዘዋል፣ የደረሰውንም በመጠባበቂያ ማኅደር አከማችቶ በራሱ ምት ያወጣዋል። በዚህ አሠራር ከኮምፒውተሩ የሚጠበቀው ቁጥሮቹን ሳያጎድል ማድረስ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ደግሞ እጅግ ተራ የሆነ ኮምፒውተርም ያለ ችግር ይወጣዋል።

ሆኖም በሽቦው በኩል ከቁጥሮቹ ጋር ሌላ ነገር ሊያልፍ ይችላል። አዲሱን ዳክ ከላፕቶፔ ጋር በዩኤስቢ ያገናኘሁ ዕለት ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከስፒከሮቹ ዝቅ ያለ፣ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ብቀንስም አልቀነሰም። ኬብል ቀየርኩ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞከርኩ፤ ምንም ለውጥ አልነበረም። መሬት ላይ ተቀምጬ የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅል ግን ጉርምርምታው በዚያው ቅጽበት ጸጥ አለ። መልሼ ሰካሁት፣ ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ እያንዳንዳቸው በራሳቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ፣ የዩኤስቢውና የድምፁ ኬብሎች ደግሞ ሁለቱን በሌላ በኩል ስለሚያገናኟቸው ቀለበት መፈጠሩ ነው፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚዞረው ደካማ ጅረት የመብራት ኃይሉን ምት፣ ማለትም 50 ወይም 60 ኸርዝ፣ ወደ ስፒከሩ ያደርሰዋል። የዚህ ሕመም ቀላሉ መድኃኒት ቶስሊንክ የሚባለው የብርሃን ኬብል ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ይህ ኬብል መልእክቱን የሚያስተላልፈው በቀይ ብርሃን ስለሆነ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት የሚባል ነገር አይኖርም። ጉድለቱ በብዙ መሣሪያዎች ላይ በሴኮንድ ከ96,000 ናሙና (96 ኪሎኸርዝ) በላይ አስተማማኝ አለመሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም፤ ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ላፕቶፑ ሌላም ጠባይ ነበረው። ተራ የቤት ኮምፒውተር ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ ባለመሆኑ ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚመጡትን ድምፆች ሁሉ አደባልቆ በአንድ የናሙና ፍጥነት ያወጣል። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ፋይሉ 44.1 ሆነ 96 ኪሎኸርዝ በቅንብሩ ላይ ወደተመረጠው ፍጥነት ይለውጠዋል፤ ይህን ለማስቀረት ማጫወቻው ዳኩን ለብቻው እንዲይዝ ማዘዝ ያስፈልጋል። በማክ ላይ ፍጥነቱን በእጅ መቀየር ወይም ይህን የሚያደርግ ማጫወቻ መፈለግ ግድ ነው። በሊኑክስ ደግሞ አልሳ በሚባለው ክፍል በኩል በቀጥታ ወደ ዳኩ መላክ ይቻላል። እውነቱን ለመናገር በጥሩ ሁኔታ የተሠራን የፍጥነት ለውጥ በጆሮ መለየት በጣም ከባድ ነው፤ እኔን ያማረረኝ እሱ ሳይሆን፣ በአንድ ዘገምተኛ የቫዮሊን ክፍል መካከል የኢሜይል ማሳወቂያ ደወል በትልልቆቹ ስፒከሮች ሙሉ ኃይል መጮኹ ነበር። የማቀዝቀዣው ፋን ጩኸትም አለ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ፒያኖ እየከሰመ ሲሄድ የሚቀረው የፋን እስትንፋስ ከሆነ፣ የዳኩ ጥራት ምንም ቢሆን ፋይዳ የለውም። ፋን የሌለው ኮምፒውተር መምረጥ ስለ ድምፅ ጥራት ከሚነገሩት ምክሮች ሁሉ ይበልጥ ተጨባጭ ሆኖ ያገኘሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ራስፕቤሪ ፓይ ወደሚባለው ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር አዘነበልኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ፓይ ለሙዚቃ ብዙም አይመችም ነበር፤ የኔትወርኩና የዩኤስቢው መስመር አንድ በመሆኑ ሁለቱ ይሻሙ ነበር፣ በራሱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅም ሻካራ ነበር። በ2019 የወጣው አራተኛው ሞዴል የኔትወርክ መስመሩን ለየው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ከነጭራሹ መርሳት ይሻላል፤ ወይ በዩኤስቢ ከዳክ ጋር ማገናኘት፣ ወይ እኔ እንዳደረግሁት የብርሃን መውጫ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ከላዩ መደረብ ነው። ቮሉሚዮና ሙድ የሚባሉት የሙዚቃ ማጫወቻ ሥርዓቶች በሚሞሪ ካርድ ላይ ተጭነው ከማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብራውዘር ይታዘዛሉ፤ የራሱ መተግበሪያ ስለማያስፈልገው አንድ መተግበሪያ ቢጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር የለም። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ካርዱ ሊበላሽ እንደሚችል ግን ማወቅ ያሻል። ፓይኮርፕሌየር የሚባለው ራሱን ከካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ የሥራ ሚሞሪ (ራም) ገልብጦ ስለሚሠራ ከዚህ አደጋ በእጅጉ የተጠበቀ ነው። ለሌሎቹ የካርዱን ቅጂ በመሳቢያ ማስቀመጥ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ተዘጋጅተው የሚሸጡትን ሳጥኖች ለማጣጣል አይደለም። ስፖቲፋይ ኮኔክት ወይም ታይዳል ኮኔክት ያለው፣ ማለትም ከእነዚህ የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎቶች በቀጥታ የሚያጫውት ሳጥን ስልኩን አንሥቶ ዘፈን ከመምረጥ በቀር ሌላ ምንም ለማይፈልግ ሰው ከፓይ ይልቅ በእርግጥ ይመቸዋል፤ ቤተሰቡ ውስጥ ካርድ መገልበጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ካለና እሱም ብዙ ጊዜ ቤት የማይውል ከሆነ ደግሞ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ነገር ግን ከመግዛት በፊት የእነዚህን ሳጥኖች ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ክሮምካስት ኦዲዮን በ2019 መጀመሪያ ላይ ማምረት አቆመ። ሎጂቴክ በ2006 የገዛውን የስኩዊዝቦክስ ቤተሰብ በ2012 ተወው፤ ይሁን እንጂ የስኩዊዝቦክሱ ሶፍትዌር ምንጩ ክፍት፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ተረክበው፣ ዛሬ ሊሪዮን በሚል ስም በሕይወት ይገኛል፣ አሮጌዎቹም ሳጥኖች ይዘፍናሉ። ኤምኪውኤ የሚባለው የድምፅ ፋይል አጨማመቅ ዘዴ በ2014 ይፋ ከሆነ በኋላ ሳጥኖች ሁሉ ይህን ምልክት ካልለጠፉ የማይሸጡ ይመስል ነበር፤ በ2023 ኩባንያው በገንዘብ ችግር ምክንያት በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፣ ዋነኛ ደንበኛው ታይዳልም በ2024 ፍላክ ወደሚባለው፣ ድምፁን ሳያጎድል ወደሚጨምቀው የፋይል ዓይነት ተሻገረ። ስለዚህ አንድን ሳጥን ሳይ አሁን የምጠይቀው ኢንተርኔት ቢቋረጥ በቤት ኔትወርክ ላይ ካለ ዲስክ ይጫወታል ወይ፣ ዲጂታል መውጫስ አለው ወይ ብዬ ነው።

ሦስተኛም ጥያቄ አለኝ፤ በሁለት ትራኮች መካከል ዝምታ ያስገባል ወይ የሚል። በመድረክ ላይ የተቀዳ ኮንሰርት ወይም ክፍሎቹ የተያያዙ ሙዚቃ ሲጫወት ጭብጨባው በመሐል ለግማሽ ሴኮንድ ተቆርጦ መልሶ ሲቀጥል፣ የቱንም ያህል ውድ ሳጥን ቢሆን አድማጩን ከአዳራሹ አውጥቶ ይጥለዋል። ዩፒኤንፒ በሚባለው፣ መሣሪያዎች በቤት ኔትወርክ ላይ በሚገናኙበት ደንብ የሚሠሩ አንዳንድ ሳጥኖች የሚቀጥለውን ትራክ አስቀድሞ መቀበልን ስላልተገበሩት ይህ ችግር አለባቸው፤ በመግለጫ ወረቀታቸው ላይ ግን አይጻፍም። መፍትሔው የምናውቀውን የኮንሰርት ቅጂ ይዞ ሄዶ ከመግዛት በፊት ማስጫወት ነው።

ስለ ከፍተኛ ጥራት ፋይሎች ብዙ አልልም። የ44.1 ኪሎኸርዝ ቅጂ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ወሰን 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፣ የእኔ ጆሮ ደግሞ ከዚያ ርቆ ቀርቷል። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል፤ ይህም ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው። የብርሃን ኬብሉ ወሰን ያላሳሰበኝ ለዚህ ነው። በመጠን በኩል ደግሞ የአንድ ሰዓት ሲዲ ሳይጨመቅ 635 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ ፍላክ አንዲት ቢት ሳያጠፋ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ወዳለ መጠን ያወርደዋል። ሺህ አልበም ከግማሽ ቴራባይት ባነሰ ዲስክ ላይ ይገባል ማለት ነው።

ወደ ኮምፒውተር ያጋደለኝ የመጨረሻው ነገር ግን ድምፅ ሳይሆን ፊደል ነው። በጥቁሩ ሳጥን መስታወት ላይ የአማርኛ ዘፈኖቼ ስም ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ይታይ ነበር፤ ፎንቱ አልተጫነበትም፣ መጫንም አይቻልም። አሮጌዎቹ የኤምፒ3 ፋይሎቼ ደግሞ የባሰ ነበሩ፤ የመጀመሪያው የመረጃ መለያ ዓይነት ለርእስ የሚሰጠው 30 ባይት ብቻ ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ደንብ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከአሥር ፊደል በላይ የሆነ ርእስ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። በፍላክ ይህ ችግር የለም፤ አስቸጋሪው እኛው ነን። አንዷን ዘፋኝ በአንዱ አልበም «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ»፣ በሦስተኛው «ፀሀይ» ብዬ ጽፌያት ስለነበር ኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች አድርጎ ደረደራት። ሳጥኑ ቢሆን እንደዚያው ትቀር ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ግን ሁለት ቅዳሜዎችን ሰጥቼ የስብስቤን ስሞች አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ አሁን በፍለጋው ሳጥን ውስጥ ሁለት ፊደል ስጽፍ የምፈልገው አልበም ብቅ ይላል።

ዛሬ ፓይው ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ተደብቆ ይሠራል፤ ዲስኩ በሌላ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙት በሽቦ ነው። ፓይውን ከዳኩ ጋር የሚያገናኘው የብርሃን ኬብል ከጥቁሩ ሳጥን ካርቶን ውስጥ ያገኘሁት ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከነፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር።