የአባዬ ኪኒንና የጠዋቱ እንቁላል

አባዬን ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ያዘው። ምርመራው ብዙም አላስቸገረንም። አረማመዱና የእጁ መንቀጥቀጥ ታየ፣ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበት ኪኒን ታዘዘ። ያንገበገበን አወሳሰዱ ነው።

ፋርማሲ ያለችው ልጅ "ጨጓራቸውን እንዳይነካቸው ከምግብ በኋላ ስጧቸው" ብላ ካርቶኑ ላይ ጻፈችበት። እኛም እንደተባልነው አደረግን። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ወተት፣ ከዚያ ኪኒኑ። እስከ ቀትር ድረስ ከወንበር የሚነሳው ተደግፎ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ይጀምርና እጁ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ክሊኒክ ስንመለስ መጠኑን ጨመሩለት። ለውጥ የለም ስንል አሁንም ጨመሩ። ምን ይበላል? መቼ ይበላል? ሆዱ ይደርቃል ወይ? ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እስካሁን ያበሳጨኛል።

ነገሩ የታየኝ በጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የንስሐ አባቱ ስለፈቀዱለት፣ ጠዋት ኪኒኑን በውኃ ብቻ ይውጣል፤ እህል የሚቀምሰው ቆይቶ ነው። በእነዚያ ቀናት ቁልፉን ራሱ ይቆልፋል። እማዬ "ጸሎቱ ነው" አለች። እኔ ሌላ ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ሐኪም) ጋ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ሌቮዶፓ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው። እንደ እንቁላልና ወተት ካለ ምግብ ፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶችም በዚያው በር ይጋፉታል፤ ወደ አንጎል ሲገባም እንዲሁ። በዚያ ላይ በሽታው ጨጓራን ያዘገያል፣ ኪኒኑ ምግብ መሃል ተቀምጦ ይቆያል። ሆድ ድርቀቱም የበሽታው አካል ነው። ብዙዎችን መንቀጥቀጡ ሳይመጣ ከዓመታት በፊት ይጀምራቸዋል።

አሁን ኪኒኑን ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወስዳል። ካቅለሸለሸው ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ለማቅለሽለሽ ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ቢያዙላችሁ እንቢ በሉ፣ ሌላ ይቀየርልን በሉ፤ ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ የሚቀየርበትን፣ እንቅስቃሴን የሚመራውን ኬሚካል የዶፓሚንን ሥራ ስለሚዘጋ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። የአይረን ኪኒንም ከሌቮዶፓ ጋር አብሮ አይዋጥም፣ ሌቮዶፓውን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል።

"ሥጋና እንቁላል ከልክሉት" የሚሏችሁን አትስሙ። የፓርኪንሰን ታማሚ በቀላሉ ይከሳል። እኛ ፕሮቲኑን አልቀነስንም፣ አብዛኛውን ወደ ራት አዛወርነው። ሽሮም ፕሮቲን ነው፤ የጾም ምግብ ነው ብላችሁ ከኪኒኑ ጋር አታቅርቡ። መጠኑ ሊጨመር ሲል ደግሞ ኪኒኑን የወሰደበትን፣ የበላበትንና ሰውነቱ የተፍታታበትን ሰዓት ጽፋችሁ ሐኪሙ ፊት አስቀምጡ። አላነብም ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።