ሁለት አረንጓዴ ፎቶን ለአንድ ትሪፕቶፋን

ትሪፕቶፋን በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ውጦ ሌላ አልትራቫዮሌት የሚመልስ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ በብዛት የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 280 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ሲሆን የሚመልሰው ፍሎረሰንስ ደግሞ 350 አካባቢ ከፍ ይላል። እኔ ግን ያበራሁት በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ነው። አንድ አረንጓዴ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ለብቻው ሲመጣ ትሪፕቶፋንን ሳይነካው ያልፋል። ሁለት ሆነው በአንድ ቅጽበት አንድ ሞለኪውል ላይ ሲደርሱ ግን ጉልበታቸው ተደምሮ የአንድ 266 ናኖሜትር ፎቶን ያህል ይሆናል። ይሄ ትሪፕቶፋንን ለማነቃቃት ይበቃል።

እንዲህ ያለ ነገር እንደሚቻል ማሪያ ጎፐርት ማየር ጎቲንገን ላይ ባቀረበችው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በታተመው የዶክትሬት ሥራዋ በስሌት አሳይታለች። በሙከራ ለማየት ግን ሌዘር እስኪፈጠር መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ሌዘሩ በ1960 ተሠራ፣ በዓመቱ ካይዘርና ጋሬት በአንድ ክሪስታል ውስጥ ክስተቱን አዩት። ሁለት ፎቶን እኩል የመድረስ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ስለሆነ ብርሃኑ በጊዜም በቦታም መታመቅ አለበት።

የሠራሁበት ላቦራቶሪ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ነው። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው፣ ምቱ እጅግ አጭር የሆነው የፌምቶ ሰከንድ ሌዘር እኛ ዘንድ የለም። ያለን በፍላሽ መብራት የሚሠራ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚተኩስ፣ እያንዳንዱ ምቱ 7 ናኖ ሰከንድ የሚቆይ የቆየ ሌዘር ነው። በአንድ ምት 5 ሚሊጁል ቢሰጥ ለዚያች ቅጽበት ኃይሉ 700 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳል። ስሌቱን ስሠራ ይበቃል አልኩ፤ በቅቷልም።

ተራ የፍሎረሰንስ መሣሪያ እያለ ለምን ይሄን ሁሉ ድካም የሚል ይኖራል። መልሱ ታይሮሲን የሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ታይሮሲን የሚያበራው 303 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ናሙናውን በ280 ስናበራው ውሃው ራሱ የራማን ብርሃን (ሞገዱ ከመጣበት ረዝሞ የሚበተን ብርሃን) ይበትናል፤ ያ ብርሃን የሚወድቀው 310 ላይ፣ ታይሮሲኑ ጎን ነው። ደካማ ናሙና ሲሆን ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። በ532 ስናበራ ግን የውሃው ራማን 650 ናኖሜትር ላይ፣ ቀዩ ጋ ይሄዳል። የሌዘሩ ብትን ብርሃንም ከአረንጓዴው አይወርድም። የምንፈልገው ከ300 እስከ 400 ያለው መስኮት ጸጥ ይላል። ሌላም ጥቅም አለው። አረንጓዴውን የሚውጥ ነገር ስለሌለ ናሙናውን ማወፈር ይቻላል። እኔ 1 ሚሊሞላር ተጠቀምኩ፤ ማለትም በ100 ሚሊሊትር ውሃ 20 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን። በተለመደው ዘዴ በዚህ ውፍረት ብርሃኑ ገና ከኩቬቱ (ናሙናው ከሚያዝበት ግልጽ ዕቃ) መግቢያ ላይ ተውጦ ያልቅ ነበር። ታይሮሲን ውሃ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም፤ ያም ቢሆን 18 ሚሊግራሙን 100 ሚሊሊትር ይችለዋል፣ በትዕግሥት ማማሰል ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከአካባቢው መጣ። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከግንባታውና ከጥርጊያው መንገድ የሚነሳው አቧራ በመስኮት ክፍተት ሁሉ ይገባል። ሌዘሩን በሌንስ ሰብስቤ ኩቬቱ ውስጥ ሳስገባው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከድምፁ ጋር ነጭ ብልጭታ። የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቀረብ ብለው ሰሙና «ልጄ፣ የሚጮኸው አቧራው ነው፤ ያንቺ ትሪፕቶፋን ድምፅ የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብርሃኑ በጣም ሲታመቅ ውሃው ወደ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁ ትኩስ ጋዝ) ይፈነዳል፤ ውስጡ የአቧራ ቅንጣት ካለ ደግሞ በአነስተኛ ጉልበትም ይፈነዳል። ያ ነጭ ብልጭታ በሁሉም የሞገድ ርዝመት ስለሚያበራ ስፔክትረሙን፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገዱ ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ያበላሸዋል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ይሻላል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ውሃውን አጥሪው፣ በሌንሱም ብርሃኑን በጣም አታጥብቢው።»

ውሃውንም ናሙናውንም 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው የሲሪንጅ ማጣሪያ አሳለፍኩ። ሌንሱን ብርሃኑን በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በሚሰበስብ ቀየርኩና ኩቬቱን ከትኩረት ነጥቡ ወደ ሌንሱ አስጠጋሁት። ጠቅታው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ እንደ አንድ መለኪያ ሆኖ አገለገለኝ፤ አንዲት ጠቅታ የተሰማባት ምት ከመዝገቡ ትወጣለች።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የማየው ብርሃን እውነት የሁለት ፎቶን ሥራ ነው ወይ የሚለው ነበር። መፈተኛው ይታወቃል፦ የሌዘሩን ጉልበት በግማሽ ስትቀንሱት ፍሎረሰንሱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። ወደ ግማሽ ብቻ ከወረደ ነገሩ የአንድ ፎቶን ነው። ሁለቱን በሎጋሪዝም ስትስሏቸው የመስመሩ ዘንበል 2 ይሆናል። እዚህ ላይ የሰፈሩ መብራት ያልጠበቅኩትን ውለታ ዋለልኝ። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል የሌዘሩ ጉልበት ከምት ምት ይለያያል፤ የጉልበት የ5 በመቶ ለውጥ ደግሞ በፍሎረሰንሱ ላይ 10 በመቶ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ያሰብኩት አማካይ ወስጄ ልዩነቱን ማጥፋት ነበር። ከዚያ ግን ለምን ይጥፋ አልኩ። ከሌዘሩ ፊት የማይክሮስኮፕ ስላይድ አቆምኩ፤ ስላይዱ ከብርሃኑ 8 በመቶ ገደማውን ብርሃን ወደሚለካ ፎቶዳዮድ ይመልሳል። እያንዳንዱን ምት ከራሱ ፍሎረሰንስ ጋር አጣምሬ መዘገብኩ። ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ ተደርድረው ዘንበሉን ራሳቸው አሳዩኝ። ሰፊ ለውጥ ሲያስፈልግ ግን የፍላሹን ቮልቴጅ መነካካት አልመክርም፤ የምቱ ርዝመትና የጨረሩ ቅርጽ አብረው ይለወጣሉ። ብርሃኑን የሚያደበዝዝ ግራጫ ማጣሪያ ጣልቃ ማስገባት ይሻላል።

ዘንበሉ 2 መጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔ አጥብቄ የምለው ግን እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሌዘር አረንጓዴውን ወደ 266 የሚቀይር ክሪስታልም አለው። ከዚያ ጥቂት 266 ቢያፈተልክ እሱም ከአረንጓዴው ጉልበት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ትሪፕቶፋኑን በአንድ ፎቶን እያበራም ዘንበሉ 2 ሆኖ ይታያል! የለየልኝ ርካሽ ነገር ነው። እስከዚያ ስጠቀም የነበረው የኳርትዝ ሌንስ ነበር፣ ኳርትዝ ደግሞ አልትራቫዮሌትን ያሳልፋል። በምትኩ እኩል የሚሰበስብ ተራ የመስታወት ሌንስ ገጠምኩ፤ መስታወት አረንጓዴውን ያሳልፋል፣ 266ን ግን ያግዳል። ፍሎረሰንሱ በግማሽ ገደማ ወደቀ። ክሪስታሉን ከመንገዱ አወጣሁትና ሁለቱን ሌንሶች እያፈራረቅኩ ደግሜ ለካሁ፤ አሁን እኩል ሰጡ። በዚህ ሥራ መስታወቱ ከኳርትዙ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ኳርትዝ የሚያስፈልገው ለኩቬቱና ፍሎረሰንሱን ለሚሰበስበው ሌንስ ብቻ ነው።

ከሞኖክሮሜተሩ (ብርሃኑን በየሞገዱ ከሚለየው መሣሪያ) በፊት ዩጂ 11 የሚባለውን፣ ለዓይን ጥቁር የሚመስል ማጣሪያ አቆምኩ። አልትራቫዮሌቱን ያሳልፋል፣ አረንጓዴውን ያስቀራል። ደካማ ብርሃን የሚለካው ፎቶመልቲፕላየር አረንጓዴንም ስለሚያይ ያለዚህ ማጣሪያ ምንም አይለካም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለ532 የተሠራውን መነጽር ማድረግና ሰዓትና ቀለበት ማውለቅ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። ትሪፕቶፋን 350 አካባቢ፣ ታይሮሲን 303 አካባቢ፣ ቅርጻቸውም በተለመደው ዘዴ ከሚታየው ጋር አንድ ነው። መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው፤ ሞለኪውሉ ጉልበቱን በአንድ ፎቶንም አገኘው በሁለት፣ ከማብራቱ በፊት ወደዚያው ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል። ከእንቁላል ነጭ በጣም ቀጥኖ የተጣራ ናሙና ስሞክር የትሪፕቶፋኑ ጫፍ ከ350 ወደ አጭሩ ሞገድ ሸሸ። ትሪፕቶፋን ከውሃ ተሸሽጎ በፕሮቲኑ እጥፋት ውስጥ ሲቀመጥ እንዲህ ያደርጋል፤ ይህን በራሴ ናሙና ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ትሪፕቶፋን ብዙ ከተተኮሰበት ኦክሲድ ሆኖ ወደ ካይኑረኒን ዓይነት ውህዶች ይቀየራል፤ እነሱ ደግሞ በረዘመ ሞገድ ያበራሉ። ስለዚህ ናሙናውን በትንሽ ማግኔት ማማሰል፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ የተረፈውን ከብርሃን ሸሽጎ ፍሪጅ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አሚኖ አሲድ፣ ፌኒልአላኒን፣ አልሆነልኝም። በብዛት የሚውጠው 257 ላይ ስለሆነ 266 ከዳር ነው የሚደርሰው፤ ከሚውጠው ፎቶን ውስጥም በብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 282 አካባቢ ያየሁት ምልክት ከባዶ ውሃው አልተለየም፤ ጉልበቱን ልጨምር ስል ጠቅታው ተመለሰ። በውጤት ሠንጠረዤ ላይ ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ እሱን ለማየት ከ515 ናኖሜትር የማይበልጥ ሌዘር ያስፈልጋል።